ስምንት ወር ከራይድ ሲምባል ጋር፣ ግራ እግሬ ግን አሁንም ችክችካ ላይ ነው

ዛሬ ትንሽ ጉራ ልነዛ ነው፣ ቻሉኝ። ትላንት ማታ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ስዊንግ (የጃዝ ዋና ምት) መታሁ፣ በስልኬ ቀድቼ ስሰማውም ስዊንግ ነው የሚመስለው። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ያለውን አልልክላችሁም።

እንደምታውቁት ጎንደር ሰርግ ላይ ነው ድራም የምመታው፣ ጃዝ የጀመርኩት ክረምት ላይ ስራ ሲቀዘቅዝ ነው። ድራሙ የኔ ስላልሆነ ቤት ውስጥ ጣውላ ላይ ካላማዳሪ ቸንክሬ እሱን እደበድባለሁ። ስቲክ አያያዝ ምናምን የሚለውን ልዝለለው፣ ሁላችንም ያለፍንበት ነው።

ያስለቀሰኝ ራይዱ ነው፣ ምቱን የሚይዘው ትልቁ ሲምባል። ችክችካም ስዊንግም ውስጣቸው ሶስት ሶስት ስለሚቆጠር "ታዲያ ምን ይከብዳል" ብዬ ዘው አልኩበት፣ ጉድ የሰራኝ እሱ ነው። ችክችካ በ6/8 ሁለት ምት ነው፣ ስዊንግ ደግሞ አራት ሆኖ ሃይሃቱ (በግራ እግር የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) 2 እና 4 ላይ መዘጋት አለበት፣ የኔ ግራ እግር ግን 1 እና 3 ላይ ካልወረድኩ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ባለፈው ሰርግ ላይ ደግሞ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ሆነ፣ እስክስታው ጦፎ እያለ ስዊንግ ሾልኮ ወጣብኝና ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ዞሮ "አሞሃል እንዴ?" አለኝ።

ያወጣኝ አሜሪካዊው የጃዝ ድራመር ኤልቪን ጆንስ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ሰውየው ሶስቱን ቁጥር ራይዱ ላይ ብቻ አይተወውም፣ መሃለኛዋን አንዴ ለስኔሩ (በስቲክ ለሚመታው ትንሹ ድራም) አንዴ በእግር ለሚመታው ቤዝ ድራም ይሰጣታል፣ ስለዚህ ምቱ ይሽከረከራል እንጂ አይረግጥም። ዲሴምበር 9 ቀን 1964 ከሳክስፎኒስቱ ጆን ኮልትሬን ጋር ኤ ላቭ ሱፕሪም የተባለውን አልበም ኒው ጀርሲ ሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ቀዳ፣ በ15 ቀኑ በፈረንጆች ገና ዋዜማ እዛው ስቱዲዮ ለሌላው ሳክስፎኒስት ለዌይን ሾርተር ስፒክ ኖ ኢቭል በተባለው አልበም ላይ መታ። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙ፣ አንዱ ላይ ይፈላል፣ አንዱ ላይ እሳቱን ቀንሶ ሌሎቹን ያሳልፋል። ለኔ ከመቶ የዩቲዩብ ትምህርት ይበልጣል፣ "በአስር ቀን ስዊንግ" የሚሉትንማ ተዉኝ። በራሱ ስም ካወጣቸው ደግሞ የ1968ቱን ፑቲን ኢት ቱጌዘር ያዙ፣ ሳክስፎኒስቱ ጆ ፋረልና ቤዚስቱ ጂሚ ጋሪሰን ብቻ ናቸው አብረውት ያሉት፣ ፒያኖ ስለሌለ እያንዳንዷ የእጁ ስራ ቁልጭ ብላ ትሰማለች።

ሶሎ አትስሙ፣ ሰው ሲያጅብ ስሙት እላለሁ። እኔ ራሴ ግን ሶስት ወር ሶሎ ብቻ ስሰማ ነው የከረምኩት፣ አትፍረዱብኝ።

የሰራልኝ ነገር ቢኖር ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ላይ አድርጌ ጩኸቱን 2 እና 4 ነው ብሎ መቁጠር ነው፣ ፍጥነቱ 120 ይሆናል፣ 1ን ራሴ ነኝ የምፈልገው። አንድ ሳምንት ሙሉ እየተገለበጠብኝ እናቴ ቡና እየወቀጠች "አንተ ልጅ፣ የኔ ሙቀጫ ይሻላል" አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ወቀጣዋ ዝንፍ አይልም።

ቅዳሜ ሰርግ አለብኝ፣ ኪቦርዲስቱ ከአሁኑ ራይዱን በነጠላ እንሸፍንልህ እያለ ነው።