ሲዲው ይሽከረከራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም

ዛሬም ያው ጣጣ፦ አሮጌ ዴስክቶፕ፣ የመጫኛ ሲዲ፣ ጥቁር ስክሪን። ብዙ ሰው ወዲያው ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳው የማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ ይገባና መነካካት ይጀምራል። ቆይ! መጀመሪያ ሲዲውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ውስጡ አንድ የአይኤስኦ ፋይል (የሙሉ ዲስክ ቅጂ የያዘ ፋይል) ብቻውን ከተቀመጠ፣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ ፋይሉ እንደ ተራ ዳታ ተገልብጧል። እንደ ኢሜጅ በርን መደረግ፣ ማለትም ይዘቱ ተዘርግቶ ዲስኩ ላይ መጻፍ ነበረበት። በትክክል ከተሠራ ፎልደሮችና ብዙ ፋይሎች ይታያሉ። ስትደግሙት የመጻፊያ ፍጥነቱን ወደ 8 ኤክስ (8x) ዝቅ አድርጉ፤ ያረጀ ሌንስ በጥድፊያ የተጻፈ ዲስክ ማንበብ ይቸግረዋል።

የአይኤስኦ ፋይሉን መጠንም እዩ። ከ700 ሜጋባይት ካለፈ ዲቪዲ ይፈልጋል፣ ሲዲ ብቻ የሚያነብ ድራይቭ ደግሞ ዲቪዲን ጨርሶ አያውቀውም። የድራይቩ ፊት ላይ የዲቪዲ ምልክት አለ?

ከዚያ ነው ባዮስ። በማስነሻ ቅደም ተከተሉ (ቡት ኦርደር) ዝርዝር ላይ ሲዲ ሮሙን፣ ማለትም የሲዲ ድራይቩን፣ ከሃርድ ዲስኩ በላይ አድርጉና ሴቭ አድርጉ። ድራይቩ ጭራሽ ዝርዝሩ ላይ ከሌለ ኬብሉን ነቅላችሁ መልሱ። በሰፊው የአይዲኢ ኬብል (የድሮ ድራይቮችን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው) ሁለት ድራይቭ ከተያያዘ፣ ከየድራይቩ ኋላ ያለችው ትንሿ ጃምፐር (ፒኖችን የምታገናኝ ቁራጭ) አንዱን ማስተር (አንደኛ)፣ ሌላውን ስሌቭ (ሁለተኛ) ማድረግ አለባት። ሁለቱም ማስተር ከሆኑ ይጋጫሉ።

ያስተካከላችሁት ሁሉ በማግስቱ ከጠፋ፣ ሰዓቱም ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባለ 3 ቮልት ሲአር 2032 ባትሪ አልቃለች።