ከመላኬ በፊት ሜጋባይቱን አያለሁ

ዘንድሮ ለተማሪዎቼ በስልክ የምልከውን ነገር ሁሉ በአንድ ጥያቄ ነው የምመዝነው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ልጁ እጅ ላይ ምን ይቀራል?

የማስተምረው 10ኛ ክፍል ፊዚክስ ነው። ብዙዎቹ ተማሪዎቼ የሚያጠኑት በእናት፣ በአባት ወይም በታላቅ እህት ስልክ ነው። ስልኩ የሚገኘው ማታ ነው። ዳታ ደግሞ የሚሞላው ብር ሲኖር ነው። ስለዚህ ሊንክ መላክ ቀነስኩና ፋይል መላክ አበዛሁ። በዚህ መንገድ ምን እንደሠራልኝ ላካፍላችሁ።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ፌት (PhET) የሚባለው የሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን ስክሪን ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ፕሮግራም፣ ስብስብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። መሥራቹ ካርል ዋይማን ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኙ ሰው ናቸው። በነፃ ነው የሚሰጠው። እኔን የማረከኝ ግን ሌላ ነገር ነው። አዳዲሶቹ ሲሙሌሽኖች እያንዳንዳቸው አንድ ፋይል ሆነው ይወርዳሉ፤ ከወረዱ በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። አንዲት ማሳሰቢያ ብቻ አለችኝ። ስልኩ ፋይሉን በምን ልክፈተው ብሎ ሲጠይቅ ልጆቹ ክሮምን ይምረጡ። ኤችቲኤምኤል ቪወር በሚለው ከከፈቱት ባዶ ገጽ ሊመጣባቸው ይችላል።

የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ሲሙሌሽን መጀመሪያ በፕሮጀክተር አሳየኋቸው። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል አገናኘሁ፤ አምፖሉ በራ። ከረንት የሚለካውን አሜትር ከማስገባቴ በፊት ግን ጥያቄ አነሳሁ። ከአምፖሉ በፊትና ከአምፖሉ በኋላ ያለው ከረንት (በሽቦው ውስጥ የሚፈሰው ኤሌክትሪክ) እኩል ነው ወይስ ይለያያል? እጅ አስወጣሁ። አብዛኛው ክፍል ከአምፖሉ በኋላ ያንሳል አለ። አንዷ ምክንያቷን ስትናገር፣ «ቲቸር፣ አምፖሉ በልቶታላ!» አለች። ይህ አስተሳሰብ የእኛ ልጆች ብቻ አይደለም፤ ፊዚክስ በሚሰጥበት አገር ሁሉ መምህራን የሚታገሉት ነው። ለዚህም ነው ዝም ብሎ «ትክክል አይደለም» ማለት የማይበቃው።

በሁለቱም በኩል አሜትር አስገባሁ። ያው ቁጥር። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ አላመነም። «ቲቸር፣ ቦታቸውን ይቀያይሯቸውማ» አለኝ። አንደኛው አሜትር ተሳስቶ እንደሆነስ ብሎ ነው። ቀየርኳቸው፤ አሁንም ያው ነው። ያኔ እዚያው የተቀመጠው ልጅ፣ «ታዲያ አምፖሉ የሚበላው ምኑን ነው?» ብሎ ጠየቀ። እኔ ለሳምንት ላደርሳቸው የምፈልገው እዚህ ጥያቄ ላይ ነበር። ከረንቱ አያልቅም፤ ወደ ብርሃንና ሙቀት የሚለወጠው ኃይል ነው የሚለውን ከዚያ በኋላ ሳብራራ ጆሮ ሰጥተው አዳመጡኝ። ጥያቄው የራሳቸው ስለሆነ ይመስለኛል።

ስለ ኦም ሕግ የተሠራውን ሌላውን ሲሙሌሽንም በጣም እወደዋለሁ። ቮልቴጅን፣ ከረንትንና ሬዚስታንስን (የከረንትን ፍሰት የሚገታውን) የሚያገናኘው ቀመር ራሱ፣ V = IR፣ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ሬዚስታንሱን ከፍ ስታደርጉት አርዋ ታድጋለች፣ የከረንቱ አይ ደግሞ እያነሰች ትሄዳለች። ሒሳብ የሚፈራ ተማሪ ቀመሩን በዓይኑ ያየዋል። አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ የሚለውን ግንኙነት በዚህ መንገድ የያዘ ልጅ ፈተና ላይ ቁጥሮቹ ቢለዋወጡበትም አይደናገርም።

ይህን ስል ግን ሲሙሌሽን ቤተ ሙከራን ይተካል ማለቴ አይደለም። ስክሪን ላይ ያለው ሽቦ አይላላም፣ ባትሪውም አይደክምም። ስለዚህ በማግስቱ የባትሪ ድንጋይ፣ የእጅ ባትሪ አምፖልና ቁራጭ ሽቦ ይዤ እገባለሁ። ሽቦው በደንብ ካልተላጠ አምፖሉ እንደማይበራ በእጃቸው ማወቅ አለባቸው።

አሁን ወደ ቴሌግራም ልምጣ። እዚያ የምልከው በብዛት የድምፅ መልእክት ነው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ሐሳቡን በአማርኛ አንድ ጊዜ በረጋ ድምፅ መስማት ብዙ ልጅ ያግዛል። የሦስት ደቂቃ ድምፅ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። ያንኑ ቪዲዮ ላድርገው ብል አሥር ሃያ እጥፍ ይሆናል፤ የሚጨመርለት ደግሞ የእኔ ፊት ብቻ ነው። ሥዕል ካስፈለገ የጥቁር ሰሌዳውን ፎቶ አስከትላለሁ።

የቴሌግራም የጥያቄ ፖልም፣ ምርጫ ያለው አጭር ጥያቄ ማለት ነው፣ ከእጄ አይለይም። ቻናል ላይ ሲለጠፍ ማን ምን እንደመለሰ ስለማይታይ ዓይን አፋሩም ይሳተፋል። እኔ የማየው ትክክለኛውን መልስ ስንት ሰው አገኘ የሚለውን ሳይሆን የትኛው የተሳሳተ ምርጫ ብዙ ሰው እንደሳበ ነው። የነገውን ትምህርት የሚወስንልኝ እሱ ነው። ስትሠሩት የማብራሪያ ቦታ አለው፤ እስከ 200 ፊደል ይይዛል። እባካችሁ ባዶ አትተዉት። የተሳሳተው ልጅ እዚያው ለምን እንደተሳሳተ ቢያነብ ሌሊቱን ከስህተቱ ጋር አያድርም።

ፋይሎቹ እርስ በርስ የሚተላለፉት ግን በቴሌግራም ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ካወረደ ሌሎቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል በሚያስተላልፈው ዜንደር ይቀባበላሉ፤ ዳታ አይበላም። ስልክ ለሌላቸው አይሲቲ ክፍል ባሉት ኮምፒውተሮች ላይ በፍላሽ ጭኜላቸዋለሁ። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ያሉበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። በአንድ መንገድ ብቻ መተማመን ልጆቻችንን እንደሚጎዳ ያኔ በደንብ ታይቷል።

ሌላው ሥራ የድሮ ኖቶች ናቸው። ከነባር መምህራን የወረስናቸው ግሩም የአማርኛ ማስታወሻዎች አሉ፤ ግን ብዙዎቹ የተጻፉት በድሮዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ነው። ስልክ ላይ ሲከፈቱ ዝብርቅርቅ ምልክት ይሆናሉ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ጽሑፍ በየትኛውም መሣሪያ ላይ እንዲነበብ ለፊደላት የጋራ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ በድሮው መንገድ ስንጽፍ ኖረናል። ስካን አድርጎ መላክ ቀላል ነበር። ግን ይከብዳል፣ ቃልም አይፈለግበትም። ስለዚህ በዩኒኮድ እንደ አዲስ እየተየብን ነው። አሰልቺ ነው፣ ግን አንድ ምዕራፍ ሙሉ ጽሑፍ ከአንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ሲይዝ ሳይ ልቤ ይሞላል።

ልጆቹ የቤት ሥራ በኤአይ እያሠሩ መምጣታቸውን እናንተም ታዝባችኋል። እኔ መከልከሉን አልያዝኩም። መልሱን ይዞ የመጣ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ በአማርኛ ያስረዳኛል፣ ከክፍል ጓደኞቹ አንድ ጥያቄም ይቀበላል። ገብቶት ከሆነ ከየትም ያግኘው። ካልገባው እዚያው አብረን ከመጀመሪያው እንሠራዋለን፤ ነጥብ አልቀንስም።

ቀጥሎ ያለው ምዕራፍ ማግኔቲዝም ነው። የፋራዴይ ሕግን የሚያሳየውን ሲሙሌሽን አውርጄ ሞክሬዋለሁ፤ ማግኔቱን በጥቅልሉ ውስጥ ስታመላልሱት አምፖሉ ብልጭ ይላል። የድምፅ ማብራሪያዎቹን በዚህ ሳምንት መቅዳት እጀምራለሁ። ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የምታስተምሩ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የሞከራችሁት ነገር ካለ ስሙንና ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ጻፉልኝ። አይሲቲ ክፍል ኮምፒውተሮቹ ላይ ገና ቦታ አለን።