ሃሊበት፣ ፔዳልና አልታዘዝ ያለኝ እግሬ

ቅዳሜ ዕለት 26 ኢንች የምትሆን ሃሊበት የምትባል የባሕር ዓሳ አወጣሁ። ቤት ይዤ የገባሁት ዘንድሮ ሦስተኛዬ ናት። ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ22 ኢንች ያነሰውን ወደ ውሃው መመለስ ግዴታ ነው። የመለስኳቸውማ አይቆጠሩም።

አጀማመሬን ላሳጥረው። ያደግኩት ባሕር ዳር ነው፣ ጣና ላይ በደንገል ታንኳ አምባዛ ሲጠመድ እያየሁ። ሳን ዲዬጎ ስመጣ መጀመሪያ በእጅ የሚቀዘፍ ካያክ (ጠባብ ትንሽ ጀልባ) ሞከርኩ። በአንድ እጅ መቅዘፊያ፣ በአንድ እጅ የማጥመጃ ዘንግ፤ አይሆንም። አምና ያገለገለ ባለፔዳል ገዛሁ። ከሥሩ እንደ ፔንጉዊን ክንፍ ግራና ቀኝ የሚወዛወዙ ሁለት ክንፎች አሉት። እግር ይሠራል፣ እጅ ነፃ ነው። ለሃሊበት ከዚህ የሚሻል የለም፤ ክርክር አልገባም።

ሃሊበት ጠፍጣፋ ናት። ስትፈለፈል ዓይኖቿ እንደማንኛውም ዓሳ ግራና ቀኝ ናቸው፤ ስታድግ አንደኛው ተሻግሮ ሌላው አጠገብ ይሰፍራል። ከዚያ አሸዋ ለብሳ ተኝታ ሲሳይዋን ትጠብቃለች። (ትልልቆቹ ሴቶቹ ስለሆኑ ነው እኔም "እሷ" የምላት።) የምፈልጋት የባሕር ሣሩ አልቆ አሸዋው በሚጀምርበት ጠርዝ ላይ ነው። ውሃው ሲሞላ ወይም ሲጎድል እንዲወስደኝ ካያኩን እለቀዋለሁ፤ ከፈጠነብኝ በፔዳል ያዝ አደርገዋለሁ። ማታለያዋ የላስቲክ ዓሳዬ መሬት መሬቱን ትከተለኛለች። መጀመሪያ ጅራቷን ብቻ እየነከሱ ያመልጡኝ ነበር። ጅራቷ አጠገብ ሁለተኛ መንጠቆ ሳስር ተገላገልኩ።

ያልተገላገልኩት ሌላ ነው። ሃሊበት ስትጎተት ዝም ብላ ትመጣለች። ሣር የያዝኩ እስኪመስለኝ ድረስ። ካያኩን ስታይ ግን በርግጋ ወደ ታች ትወረወራለች፣ ያውም በቀጥታ በመቀመጫዬ ሥር። እዚያ ያሉት ክንፎቹ ናቸው። ክሩ አንዴ ከተጠመጠመ አለቀ፤ ጧ! ትላለች። አራት ዓሳ በዚህ አጥቻለሁ። አንዷን ጀርባዋን በደንብ አይቼዋለሁ፤ የእንጀራ ሰፌድ ታክላለች ብል ታጋንናለህ ትሉኛላችሁ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንዱን ፔዳል እስከ መጨረሻው ወደ ፊት ገፍቶ እዚያው መያዝ። ያኔ ክንፎቹ ታጥፈው ከካያኩ ሆድ ጋር ይለጠፋሉ። ጀልባ ማውረጃው ላይ ያገኘሁት አንድ ሽማግሌ በሁለት ደቂቃ አሳየኝ። ችግሩ እግሬ ነው። ዓሳ ሲይዝልኝ እግሬ ሳላዘው መርገጥ ይጀምራል። ልክ ጎማ ሊፈነዳ ሲል እንደሚሮጥ ልጅ። "ቁም!" ብዬ ጮሄበታለሁ። ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጬ ተለማምጃለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። ፔዳሉን ከነክንፉ ነቅላችሁ ጭናችሁ ላይ አስቀምጡት የሚሉም አሉ። ዓሳ እየጎተተህ ንቀል እስቲ!

በመጨረሻ ከመቀመጫው ጎን ባለመንጠቆ የላስቲክ ገመድ አሰርኩ። ዓሳ ሲይዝ የቀኙን ፔዳል እገፋና የግራውን ወደ ኋላ ጠልፌ አስረዋለሁ። እግሬ ቢፈልግም መርገጥ አይችልም። ይሠራል። ግን ባለፈው ወር እንደታሰርኩ አንድ ትልቅ ጀልባ መጣብኝ። ገመዱን እስክፈታ ላብ በላብ ሆንኩ። ስለዚህ እናንተ እንድታደርጉት አልመክርም። እኔ አደርገዋለሁ።

ዓሳዋን ከውሃ በሚያወጣው መረብ አትሰስቱ። ሕጉም ከጀልባ የሚያጠምድ ሰው አፉ ከ18 ኢንች ያላነሰ መረብ ይዞ መገኘት አለበት ይላል፤ የእኔ በጣም ሰፊ ነው። ጭንቅላቷ ከውሃ እንዳይወጣ አድርጉ። አየር እንደነካት ታብዳለች። መረቡን ውሃ ውስጥ አጥልቃችሁ በጭንቅላቷ በኩል አስገቧት። ሕይወቷ ሳይወጣ ከነመንጠቆዋ በጭናችሁ መሃል አታስቀምጧት። ጂንሴ ላይ ያለውን ቀዳዳ ላሳያችሁ እችላለሁ።

የቅዳሜዋን ግማሹን በሚጥሚጣና በቂቤ ዱለት አደረግናት። ሌላው ፍሪዘር ውስጥ ነው። የላስቲክ ገመዱን ግን ቤት ረስቼው ነበር የሄድኩት፤ እግሬም እንደልማዱ ሲረግጥ ነበር። ለምን ክሩ እንዳልተጠመጠመ አልገባኝም።