ዳማ በቀስታ መጉረስ ሲማር፦ ከሰኔ እስከ ጥቅምት

ዳማ ቤታችን የገባው ሰኔ 10 ቀን ነው። ከጎረቤታችን ውሻ አምስት ቡችሎች አንዱ ሲሆን፣ ቀላ ያለ፣ ደረቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው የሐበሻ ውሻ ነው። ያኔ ገና ስድስት ሳምንቱ ነበር። አሁን ሳስበው ቢያንስ ስምንት ሳምንት እስኪሞላው ከእናቱ ጋር መቆየት ነበረበት። ቡችሎች ሲላፉ አንዱ ጠንከር አድርጎ ከነከሰ የተነከሰው ይጮኽና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። ነካሹ የመንጋጋውን ልክ የሚያውቀው እንዲህ ነው። እኛ ዳማን የወሰድነው ይህን ሳይጨርስ ነው። በዚያ ላይ አምስቱም ከአንድ ሳህን ይበሉ ስለነበር፣ ለእሱ ምግብ ማለት ሌላው ሳይቀድም ላፍ የሚደረግ ነገር ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት የስድስት ዓመት ልጄ ቁራሽ ዳቦ ልታጎርሰው እጇን ዘረጋች። ዳማ ዳቦውን ከነጣቷ ያዘው። የቡችላ ጥርስ እንደ መርፌ ስለሆነ ጣቷ ጫፉ ላይ ደማ። በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጠብንላትና ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ የታዘዘላትንም ክትባት ጨረሰች። ቡችላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለመውሰድ ገና ዕድሜው አልደረሰም ነበር። እባካችሁ እናንተም «ቡችላ ነው፣ ትንሽ ጭረት ናት» ብላችሁ እንዳታልፉት።

የጣቷ ቁስል ቶሎ ዳነ። ፍርሃቷ ግን አልሄደም። ከዚያ በኋላ የያዘችውን ሁሉ ከሩቅ ወርውራለት መሮጥ ሆነ ሥራዋ። እኔን ወደዚህ ልምምድ ያስገባኝ ከራሴ የተጫረ እጅ ይልቅ ይህ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት አማቴ የነገሩኝን ነው። «አፍንጫውን መታ አድርገው፣ ይለምዳል» አሉኝ። እሳቸው ባደጉበት አገር ውሻ የሚገራው እንዲህ ነበርና በክፋት አልነበረም። ሁለት ቀን አደረግሁት። ዳማ እጄ ሲቀርብ ጆሮውን ማጠፍ ጀመረ፤ አነጣጠቁ ደግሞ ባሰበት። እጅ ምግብም ጥፊም ይዞ የሚመጣ ከሆነ፣ ጥፊው ሳይደርስ ምግቡን ነጥቆ መሸሽ ለእሱ ትክክለኛ ስሌት ነው። በሦስተኛው ቀን ተውኩት። ያጠፋሁትን አመኔታ ለመመለስ አንድ ሳምንት ያህል ወሰደብኝ።

ነገሩን የገለጠልኝ ባለቤቴ በስልኳ የቀረጸችው ቪዲዮ ነው። ዝግ አድርገን ስናየው የዳማ አፍ እጄ ጋ ሳይደርስ እጄ ወደ ኋላ ይሸሻል። እሱ ደግሞ የሚሸሸውን ለመያዝ አንገቱን አስረዝሞ ይወረወራል። የሚሸሽ ነገር ማባረር የውሻ ተፈጥሮ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መማር የነበረበት የእኔ እጅ ነበር።

ልምምዱን በትክክል የጀመርኩት ሰኔ 26 ነው። ያለ ጨውና ያለ ቅመም የተቀቀለ ጉበት ሽምብራ በሚያህል መጠን ቆራርጬ፣ አንዷን በጭብጤ ውስጥ ደብቄ፣ ጭብጤን በአፉ ልክ አቀረብኩለትና ዝም አልኩ። ነከሰ፣ በጥፍሩ ጫረ፣ ጮኸ። እኔ እጄን አልሳብኩም፤ አልተቆጣሁምም። ወፍራም የሥራ ጓንት ማድረጌ ጠቅሞኛል፤ እጅ የሚሸሸው ሲያመው ነውና። ደቂቃ ያህል ከታገለ በኋላ ግራ ገባውና ጭብጤን ላሰ። ምላሱ እንደነካኝ ወዲያው መዳፌን ዘረጋሁ። የልምምዱ ቁልፍ ይህች ቅጽበት ናት። ጥርስ ሲነካኝ እጄ ዝግ ነው፤ ምላስ ወይም ከንፈር ሲነካኝ ይከፈታል። ሁለት ሴኮንድ ብትዘገዩ ቡችላው በየትኛው ሥራው እንዳገኘው ይጠፋበታል።

በአንድ ጊዜ ከስምንት እስከ አሥር ጉርሻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ ከዚያ በላይ አልሄድኩም። በአራተኛው ቀን ጭብጤን ሳቀርብ መንከሱን ትቶ በቀጥታ መላስ ጀመረ። «ቀስ» የሚለውን ቃል ያስገባሁት ያኔ ነው። ቀድሞ፣ እየነከሰኝ ሳለ ብለው ኖሮ ቃሉን ከመንከስ ጋር ያያይዘው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ረሃብም ትልቅ ድርሻ አለው። ጠዋት ምንም ሳይቀምስ ስጀምር ሁሉም ነገር ይበላሻል። የቁርሱን ግማሽ ከበላ በኋላ ሳለማምደው ሌላ ውሻ ነው የሚመስለው።

ሐምሌን ያሳለፍኩት ከጭብጥ ወደ ጣት በመሸጋገር ነው። ምግቡን በአውራ ጣቴና በአመልካች ጣቴ መካከል ይዤ፣ ጫፏን ብቻ አሳየዋለሁ። ጥርሱ ሲነካኝ ጣቶቼን መልሼ እጨብጣለሁ፤ እንደገና ሲለዝብ እለቃለሁ። በወሩ መጨረሻ ሦስት ወር ሲሞላው የእብድ ውሻ ክትባቱን አስከተብኩት።

ከነሐሴ 1 ጀምሮ ፍልሰታ ገባ፤ ቤታችን ሥጋ ስለማይገባ ጉበቱ ቀረ። የተቀቀለ ድንችና ካሮት ቆርጬ መጠቀም ጀመርኩ። ልምምዱ ይደናቀፋል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ የተገላቢጦሽ ሆነ። ድንች እንደ ጉበት ስለማያጓጓው ልቡ ይረጋል፤ ሲረጋ አፉም ይለዝባል። መጀመሪያም መነሳት የነበረብኝ ከድንች ነበር። ጀማሪ ከሆናችሁ በማያጓጓው ጀምሩ፤ ጉበቱን ለኋላ አቆዩት።

ልጄንም የመለስኳት በዚያው ጾም ነው። በግ ከመዳፍ ጨው ሲልስ አያቷ ዘንድ አይታ ስለምታውቅ «እንደዚያ ነው» አልኳት። ጣቶቿ ተገጥመው፣ መዳፏ እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ፣ ድንቹ መሐሉ ላይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የእኔ እጅ ከእጇ ሥር ነበር፤ እጇ ወደ ኋላ ሊሸሽ ሲል ስለሚሰማኝ ደገፍ አደርጋታለሁ። ዳማ ድንቹን በከንፈሩ ለቀም ሲያደርግ የመዳፏ መኮርኮር አሳቃት። ከሰኔ ወዲህ ከእሱ ጋር ስትስቅ ያን ቀን ገና መስማቴ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንባዬ መጣ።

ከዚያ እንቁጣጣሽ ሆነና ነገሩ ወደ ኋላ ተመለሰ። አራት ወር አልፎታል፤ 28ቱ የወተት ጥርሶች የሚረግፉበት፣ በቦታቸው 42ቱ ቋሚ ጥርሶች ማብቀል የሚጀምሩበት ጊዜ ነው። ድዱ ያሳክከዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል፤ ጫማ፣ የወንበር እግር፣ የእኔንም እጅ። አንድ የወደቀ ጥርስ ምንጣፍ ላይ አግኝተን ልጄ በክብሪት ቀፎ አስቀምጣዋለች። እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሬ ስሰጠው ደህና ያስታግስለታል። በበዓሉ ቀን ደግሞ እንግዳው ሁሉ ሊያጎርሰው ይፈልጋል። ስለዚህ ዳማን ጓዳ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። እንግዳ እጁን ይሰበስባል፤ ዶሮ ወጥ ላይ ያለው ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። አንዳንድ ዘመዶቻችን «ለውሻ አጥንት መከልከል!» ብለው ቅር ተሰኙ። አልተለሳለስኩም።

ወደ ጭብጡና ወደ ድንቹ ተመልሼ ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር በአምስት ቀን ተመለሰ።

አሁን ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ከስድስት ወር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከእኔ እጅ ጉበትም ቢሆን በከንፈሩ ይወስዳል። ከልጄ እጅ ድንችና ዳቦ ይበላል፤ ጉበት ግን እሷ ገና አትሰጠውም፤ ያንን እስኪረጋገጥልኝ አልቸኩልም። አማቴም ባለፈው እሑድ ከምሳ በኋላ ቁራሽ እንጀራ ይዘው «ቀስ በል ልጄ፣ ቀስ» ሲሉት ሰማኋቸው፤ መዳፋቸው ተዘርግቷል።

የቀረን የግቢው በር ነው። የሰፈር ውሾች በበሩ ሲያልፉ ዳማ ይነሳሳና ያኔ የማቀርብለትን ከነጣቴ ነው የሚይዘው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከበሩ ራቅ ብዬ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ድምፃቸው በሚሰማበት ግን በማይታዩበት ቦታ፣ በድንች ብቻ እያለማመድኩት ነው። ትናንት ከአሥሩ ጉርሻ ስድስቱን በከንፈሩ ወሰደ።