አራት ቁጥር

ዛሬ ጠዋት ሰ. ወደ አዲስ አበባ ሄደች። አልሸኘኋትም። እንቅልፍ ጣለኝ ብዬ ጻፍኩላት እንጂ ከሌሊቱ አስር ሰዓት ጀምሮ ዓይኔን አፍጥጬ ጣሪያ ሳይ ነበር። የግንቦት ሙቀት ይሁን ሌላ እንጃ፣ በዚህ ወር ከሰው መለየት ይከብደኛል። ከሰዓት ቆርቆሮው ሲንጣጣ መተኛት ሲያቅተኝ ቦርሳዬን ላጽዳ ብዬ አልጋው ላይ ዘረገፍኩት። ሁለት የጸጉር ማስያዣ፣ የደረቀ ሎሚ፣ የባጃጁ ልጅ ስልክ የተጻፈበት ካርቶን፣ የእማዬ የኤቲኤም ካርድ የመጣበት ባዶ ፖስታ።

ስለዚህ ካርድ እስከ ዛሬ አልጻፍኩም ለካ።

ነገሩ የመጣው ከፊርማ ነው። ድሮ የአባዬን የምድር ባቡር ጡረታ ስታወጣ የምትፈርመው ፊርማ ጭራው ሁለቴ የሚጠመዘዝ፣ ኩራት ያለበት ነበር። ቀኝ እጇ ከታመመ ወዲህ ያ ጭራ የለም። ከፋይዋ ወረቀቱን አየች፣ እማዬን አየች፣ “እናቴ፣ አይመሳሰልም” አለቻት። እማዬም “እኔስ ከድሮዬ ጋር መቼ እመሳሰላለሁ” አለች።

በአሻራ ይሁን ተባለ። አንዱ ባንክ በአሻራ ለሚፈርም ካርድ አንሰጥም አለ። ሌላው ውክልና አምጡ አለ። ውክልና ሰነዶች ማረጋገጫ ተኪዶ የሚሠራ ነው፤ ከባንክ ገንዘብ ማውጣት የሚለው ቃል በግልጽ ካልተጻፈበት ደግሞ ባንክ አይቀበለውም። እኔ ለመሄድ ተነስቼ ነበር። እማዬ ግን “የታመመው እግሬና እጄ ነው፤ ጭንቅላቴን ለማንም አልወክልም” ብላ ዘጋችው።

ሰው ባንክ ሲመርጥ ወለድ ያወዳድራል። እኛ ያወዳደርነው ደረጃ ነው። ድሬዳዋን ከከዚራ እስከ መጋላ እየዞርኩ ደረጃ ቆጠርኩ። አንዱ ባንክ ፎቅ ላይ ነው። አንዱ ሁለት ደረጃ ብቻ አለው፣ ግን የሚይዙት ብረት የለውም። አንዱ ራምፕ ሠርቷል፤ ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል፤ ቀርበው ሲያዩት ቁልቁለቱ ለፍየል ነው፣ እግሩ ሥር ደግሞ ሞተር ሳይክል ቆሞበታል። የሕንፃ አዋጁ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድ ሰው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ይላል። ጥበቃው ላይ አዋጅ ልጠቅስበት አፌን ከፈትኩና እሱም ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል፣ መቀመጫ እንኳ የሌለው ሰው መሆኑን ሳይ ተውኩት።

ቴሌብርንም ሞክረናል። ስልኳ ባለ ቁልፍ ነው። *127# ብላ ገብታ፣ በግራ እጇ ቁጥሩን ፈልጋ እስክትነካ መስመሩ ይዘጋል። ሦስት ጊዜ ተዘጋባት። “ይሄ ሰውዬስ ቸኩሏል” ብላ ስልኩን መለሰችልኝ።

በኋላ ነው የገባኝ፤ ካርዱ የማን ይሁን ብዬ ያን ያህል መጨነቅ አልነበረብኝም። ማሽኖቹ በኢትስዊች የተያያዙ ናቸው፤ ትንሽ ይቆርጣል እንጂ የአንዱ ባንክ ካርድ በሌላው ይሠራል። ዋናው ባጃጅ አጠገቡ ድረስ የሚገባለትን ማሽን ማግኘት ነው። ሳቢያን ሰፈር አንድ አገኘሁ። ከመሬት እኩል ነው፣ ጠዋት ጠዋት ጥላ አለው። ከሰዓት ግን ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ስለምታርፍበት ከራስ ፊት በቀር የሚታይ ነገር የለም።

መጀመሪያ የሄድን ቀን ፖስታውን በጥርሷ ቀደደችው። የምትደገፍበትን ዎከር ይዤ ቆምኩላት፣ ካርዱን አስገባች፣ ማሽኑ አዲስ የሚስጥር ቁጥር ጠየቃት። ቀና ብላ አየችኝና “ዙሪ” አለችኝ።

እኔን! ጠዋት ጠዋት ቀሚሷን የማለብሳትን፣ መድኃኒቷን ከእሷ በላይ በስም የማውቀውን!

ዞርኩ። “አንተም ዞር በል አቦ” አለችው የባጃጁን ልጅ። እሱም ዞረ። ጥበቃው ሳይነገረው ዞረ። ሦስታችን ጀርባችንን ሰጥተናት አስፋልት እናያለን። ከኋላችን አንድ ጢጥ ተሰማ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ሌላ ጢጥ። አንዷን ቁጥር ስትፈልግ ስትቆይ ማሽኑ ሰልችቶት ካርዱን ይውጠዋል ብዬ ላብ በላብ ሆንኩ። ከዚያ ብሩ ሲቆጠር ተሰማ። አምስት መቶ ብር። የባጃጁን ሂሳብ ራሷ ከፈለች፣ መልሱንም ራሷ ተቀበለች፤ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አላናገረችኝም፤ ደስ ሲላት እንደዚያ ናት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ቁጥር እንቅልፍ ነሳኝ። ገንዘቡ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል፣ የጡረታዋ መጠን የተሰወረ ነገር አይደለም። ምን መረጠች ነው ጥያቄው። የልደት ዓመት አታድርጉ ብለዋታል፤ እሷ ደግሞ የተነገራትን ታደርጋለች፣ ካላናደዷት። የአባዬ የመሥሪያ ቤት መለያ ከአራት ይበልጣል። 1998 ትሆን? የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ በሌሊት የመጣበት ክረምት ነው፤ ግን እሷ የዚያን ሌሊት ወሬ ሲነሳ ወጥ ልታማስል ትነሳለች፣ በየወሩ ልትጫነው አትፈልግም። የእኔ ዓመት? የወንድሜ ከሆነስ? እዚህ ላይ ስደርስ ቅናት ቢጤ ሽው አለብኝ፤ በዚህ ዕድሜዬ። ከ0000 እስከ 9999 አስር ሺህ ናቸው፤ ማሽኑ ደግሞ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱበት ካርዱን ይዘጋዋል።

ባለፈው ሳምንት “ብትታመሚስ? የሆነ ቦታ ጽፈሽ አስቀምጪልኝ” አልኳት። ቡናዋን ፉት አለች። “ስታመም አሳክሚኝ። ስሞት ወራሽነትሽን ፍርድ ቤት ያረጋግጥልሻል።”

ማክሰኞ ዕለት የራሴን ካርድ ይዤ እዚያው ማሽን ጋ ሄድኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ከአንድ እስከ ዘጠኝ፣ ከዚያ ዜሮን ቀስ እያልኩ ተጫንኩ፤ ድምፃቸው ይለያይ እንደሆነ ብዬ። ከኋላዬ የቆመው ልጅ “እህቴ፣ ደህና ነሽ?” አለኝ።

አይለያይም። ሁሉም አንድ ጢጥ ነው።