ሮም፦ የጋብቻ ቀለበት የተሰበሰበበት ደረጃ

ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያደርኩበት ፔንሲዮን 70 ዩሮ ተቀብሎኝ መስኮቱ እንኳ አይዘጋም። ሌሊቱን ሙሉ የሻንጣ ጎማ ሲንኳኳ ሰማሁ። የሚያስቀኝ ግን ከጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ ነው። «የአምስት መቶዎቹ» ይባላል። አሉላ አባ ነጋ ዶጋሊ ላይ የጨረሷቸው ናቸው!

ኮሎሲየምን እንደ ሰው ሁሉ አየሁ። የመጣሁበት ጉዳይ ፒያሳ ቬኔዚያ ነበር። እዚያ ባለው ትልቅ ነጭ ሐውልት ደረጃ ላይ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1928 ዓ.ም. የሮም ሚስቶች ተሰልፈው የጋብቻ ቀለበታቸውን ለመንግሥት አስረከቡ። መጀመሪያ የሰጠችው ንግሥት ኤሌና ናት። በምትኩ የብረት ቀለበት ተሰጣቸው። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጥሎ ስለነበር፣ እኛን ለሚወጋው ጦር ወርቅ ያስፈልግ ነበር። በዚያው ሰሞን ተከዜ ላይ የራስ እምሩን ጦር የመርዝ ጋዝ ፈጀው። ደረጃው ላይ አረፍ ልበል ስል ጠባቂው ፊሽካ ነፋብኝ።

ቁጭ ብዬ ለጠጣሁት አንድ ቡና 6 ዩሮ ተጠየቅሁ። አጠገቤ የነበሩ አሮጊት ደረሰኙን አይተው ሳቁ። ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናቸው። ከኢትዮጵያ መሆኔን ስነግራቸው ሳቁን ተዉት።

እናታቸው ያኔ አዲስ ሙሽራ ነበሩ። ርካሽ ቀለበት ገዝተው ሰጡ፤ የራሳቸውን ዱቄት ውስጥ ደበቁ። የብረቱ ቀለበት ጣት ላይ ከሌለ ጎረቤት ያያላ! አባትየውም የመንግሥት ሥራቸው እንዳይቀር የፋሺስት ፓርቲ መታወቂያ አወጡ።

«የተማረውስ ቢሆን?» አሉኝ። «እ.ኤ.አ. በ1931 የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰሮች ለፋሺዝም ማሉ ተባሉ። ከ1,200 ገደማ ሰው እምቢ ያሉት ከ15 አይበልጡም።»

እኔ ግን ቀለበቱ ላይ ቀርቻለሁ።

«ወርቁ ለምን እንደሚሰበሰብ እናትዎ ያውቁ ነበር?»

«ሬዲዮው ሲለፍፍ ይውል ነበር እኮ። እናቴን ያስጨነቃት ጎረቤት ነው እንጂ የእናንተ ሰው አልነበረም።»

ከነከነኝ። ሳያለሳልሱ ስለነገሩኝ ግን ወደድኳቸው።

አውቶብስ ፌርማታ ድረስ ሸኙኝ። የእኛን አገር የታክሲ ሰልፍ ሳማ ኖሬ፣ እዚህ 40 ደቂቃ ተገተርኩ። ሰልፉ ውስጥ አንድ ጎልማሳ «በእሱ ጊዜ ቢሆን...» ብሎ (ሙሶሊኒን ማለቱ ነው) ሲያጉረመርም አሮጊቷ ዞሩበት፤ ለእኔም ተረጎሙልኝ፦ «በእሱም ጊዜ ይዘገይ ነበር፤ የተከለከለው ማጉረምረሙ ነው!» ሰውየው ስልኩን ማየት ጀመረ። አውቶብሱ ሲመጣ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ተጋፍቼ ገባሁ።