ከባሕር ጠርዝ እስከ ድርና ማግ

ጨረቃ በሞላች በሁለተኛው ቀን፣ ለግድግዳ ሽመና የሚሆን ነገር ልንለቅም ጎህ ሲቀድ ባሕሩ ጠርዝ ደረስን። ቀኑ የተመረጠው በምክንያት ነው። ጨረቃ ሞልታ ወይም ጠፍታ አንድ ሁለት ቀን ሲያልፍ ውሃው ከሌላው ጊዜ ይልቅ ርቆ ይወጣል፣ ርቆም ይሸሻል። እጅግ ከሚጎድልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ደርሶ ውሃውን እየተከተሉ መውረድ ይበጃል፤ መመለስ ሲጀምር ግን ጀርባ አይሰጡትም።

የሚለቀመው ሁሉ ያለው ሞገዱ የባሕር ሣርና ስብርባሪ ደርድሮ በሄደበት ጥቁር መስመር ላይ ነው። የመረብ ቁራጭ፣ የተተረተረ ገመድ፣ ዛጎል፣ ጠርዙ የደነዘዘ የጠርሙስ ስባሪ፣ የዛገ ብረትና ውሃ ያለሰለሰው እንጨት አገኘን። መረብ ውስጥ የዓሣ መንጠቆ ስለሚደበቅ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል። ዛጎሉን ገልብጠን ነዋሪ ያለበትን ባለበት ተውን፤ ከባዶውም የወሰድነው ጥቂት ነው፣ ቤት የሚፈልግ ሸርጣን ይኖራልና። ዛጎልና የወፍ ላባ ማንሳት በሕግ የተከለከለባቸው ብዙ ቦታዎች ስላሉ አስቀድሞ መጠየቅ ግድ ነው። መረብና ገመድ ግን እጅ የቻለውን ያህል ይነሣ።

እንጨቱን በአውራ ጣት ተጭነን ፈተንነው። ጣት የሚሰረጉድበት እንጨት በስብሷል ወይም ትል በልቶታል፤ የሚሰቀልበትን ሽመና አይሸከምም። 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላለው ሽመና 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው በቂ ነው።

ከሰዓት በኋላው ሙሉ ለእጥበት ዋለ። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፣ ሥራ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። በእንጨትና በገመድ ውስጥ የቀረ ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ከወራት በኋላ የሽመናው ጥጥ ላይ ነጭ ክብ ይወጣል፣ ሚስማሩም ይዝጋል። እንጨቱ ውሃው በየቀኑ እየተቀየረ አንድ ሳምንት ይዘፈዘፍ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። የሚሸት ዛጎል እኩል በረኪናና ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ኮምጣጤ ግን ዛጎሉን ራሱን ያሟሟዋል። በረኪናና ኮምጣጤን መቀላቀል ደግሞ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና ዕቃቸው እንኳ የተለያየ ይሁን።

ኮምጣጤው የሚያስፈልገው ለዝገት ቀለም ነው። የጥጥ ጨርቅ በእኩል ውሃና ኮምጣጤ አርሰን፣ በዛገው ብረት ላይ ጠምጥመን፣ በላስቲክ ሸፍነን አሳደርነው። ጨርቁ ከደረቀ ቀለም መያዙን ያቆማል። በ24 ሰዓት ውስጥ ፈቶ፣ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጦ ማጠብ ነው። ይበልጥ እንዲጠቁር ብሎ ለቀናት መተው አያዋጣም፤ ብረት የጥጡን ክር ይበላዋል።

ለሽመናው አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ ላይና ታች በየ1 ሴንቲ ሜትሩ ሚስማር መትተን ድሩን ዘረጋን፤ 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 80 ክር ይወጣል። ማጉ ቀጥ ብሎ ከተሳበ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ መሐሉም ወገብ ያወጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ማግ እንደ ቀስት ጎብጦ ይገባል፣ ከዚያ ይመታል። ከታች በኩል ሳይመቱ ጉብጠቱን መተው ደግሞ የሞገዱን መስመር ያለ ምንም ሥዕል ያመጣዋል፤ ከሁሉም ይህን እንወደዋለን። ወገቡ አንዴ ከጠበበ መፍታት እንጂ መጠገን የለም።

ዛጎል የሚበሳው የአልማዝ ጫፍ ባለው 1.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ፣ ውሃ ባለበት ሳህን ውስጥ፣ በዝግታ ነው። ውሃ አለና መሰርሰሪያው በባትሪ የሚሠራ ይሁን፤ አቧራው ሳንባ ስለሚጎዳ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። የቀዳዳው ጠርዝ ክር ይቆርጣል፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በሰም በታሸ ክር፣ ሁለት የድር ክር አንድ ላይ ይዞ መስፋት ነው። ማጣበቂያ አንመክርም፤ ለስላሳ ዛጎል ላይ ሊለቅ ይችላል። የጠርሙሱ ስባሪ አይበሳም፣ አራት ክር ከላዩ አጣልፎ ዙሪያውን በመርፌ መሸብሸብ ይይዘዋል።

የመረቡን ቁራጭ ፀሐይ በማይነካው ግድግዳ ላይ እንዲሰቀል አድርገን ጠለፍነው፤ ፕላስቲኩ ፀሐይ ሲመታው ይፈረፈራል። በረኪና ያልነካቸውን ትርፍ ዛጎሎች ይዘን ደግሞ ወደ ጥቁሩ መስመር ወረድን። ውሃው እየተመለሰ ነበር።